ግቢያችን ውስጥ የከረመው የንፋስ ታንክ

ቤቴ ኮምቦልቻ ነው፣ አውራ ጎዳናው ዳር። የጭነት መኪና ደጄ ላይ ቆሞ ንፋሱን «ፍሽሽ» አድርጎ ሲለቅ ዛሬም ሥራዬን ጥዬ ብድግ እላለሁ፤ ከድምፁ ጋር የዝገት ውሃ ይሸተኛል፣ መኪናው አዲስ ቢሆንም። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ያንን ድምፅ ደጅ ደጁን እያዩ ጠብቀው አላደጉም።

ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። አባቴና ታናሽ ወንድሙ አጎቴ ይማም፣ አርጅተው ጦሩ የጣላቸውን ሁለት የወታደር መኪኖች ገዝተው፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብተው፣ ድንጋይ እየጫኑ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዱ ነበር። ሰማያዊው በተላጠ ቁጥር የድሮው አረንጓዴ ብቅ ስለሚል እማማ «ውትድርናው መች ለቀቃቸው» ትል ነበር። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ማለት ሐረጎን መውረድ ነው፤ ጥምዝ ላይ ጥምዝ፣ ቁልቁለት ላይ ቁልቁለት፣ ጎኑ ገደል። የእነዚያ መኪኖች ፍሬን የሚይዘው በንፋስ ነበር፤ ንፋሱ የሚጠራቀመው ሆዳቸው ስር በተንጠለጠለ የብረት ታንክ ውስጥ ነው፤ ታንኩ ከተነፈሰ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። እያደር ውሃ ስለሚያቁር፣ አባባ አመሻሹ ላይ ግቢያችን በር ላይ ያቆምና ተንበርክኮ ከታች ያለችውን መክፈቻ ሲፈታት፣ ንፋሱ እያፏጨ የቀይ ሥር ውሃ የመሰለ ዝገት መሬቱ ላይ ይዘረግፍ ነበር። ያንን ድምፅ ሳትሰማ እማማ እራት አታቀርብም ነበር።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ባሰ። የደሴ ክረምት ጉም ነው፣ ልብስ አይደርቅ፣ ብረት አይደርቅ፤ የሁለቱም መኪና ታንክ ማፍሰስ ጀመረ። ወንድማማቾቹ የሳሙና አረፋ እየቀቡ፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ያለበትን ቦታ እየፈለጉ፣ ታንኩን ፈተው ወደ በያጅ ይመላለሱ ነበር፤ በያጁ አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን እሳቱ ሌላ ይከፍታል። በመጨረሻ ሰውየው ከእንግዲህ የምበይደው ብረት አልቀረም፣ ዝገት አይበየድም ብሎ መለሳቸው። ፒያሳ ያሉትን የመለዋወጫ ሱቆች አንድ በአንድ ጠየቁ፤ ለእንደዚያ ያለ አሮጌ መኪና ማን ዕቃ ያመጣል! መኪናውን አቁሙት እንዳይባል ደግሞ የሁለት ቤት ጉሮሮ ነው። ጧት ጧት እማማ ዱዓ አድርጋ ትሸኛቸውና፣ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ስትስቅ እንኳ ጆሮዋ ደጅ ይውል ነበር።

መስከረም ላይ አባባ፣ ከኩታበር ማዶ አንድ ማሳ ዳር ጦርነት ጥሎት የሄደ የእነሱ ዓይነት መኪና እንዳለ ሰማና ሄደ፤ ከባለ ማሳው ጋር ተስማምቶ፣ ታንኩን ፈትቶ፣ በትከሻው ተሸክሞት ገባ። መክፈቻው ክፍት ሆኖ ስለኖረ ውሃ አልቋጠረም፣ ውስጡ ንጹሕ ነበር። እማማ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ግን ታንኩ አንድ ነበር፣ መኪናው ሁለት።

የዚያኑ ዕለት አጎቴ ይማም መጣ። አጎቴ ታላቅ ወንድሙን «አያ» እያለ አንቱ የሚል፣ አባባ ፊት እግሩን ዘርግቶ የማይቀመጥ ሰው ነበር። አባባ ገና ሳይቀመጥ ነገ ይዘኸው ውረድና አስገጥመው አለው። አጎቴ ደነገጠ።

«አያ፣ እርስዎ የልጆች አባት ሆነው በዚያ ዝገት እየወረዱ፣ እኔ ደህናውን ልግጠም?»

«እኔማ ልጆቼን አይቻለሁ» አለ አባባ፣ «አንተ ነህ ገና ያላየኸው።»

የአጎቴ ሚስት ከድጃ የመጀመሪያዋን ነፍሰ ጡር ነበረች። አጎቴ አቀረቀረና ወላሂ ይህ ታንክ እኔ መኪና ላይ አይገጠምም ብሎ ማለ። አባባም ተቆጥቶ፣ እንግዲያው ወላሂ እኔም መኪና ላይ አይገጠምም አለ። ገበታ ላይ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እንደሚባባል ሰው ነበር የተገፋፉት። እኛ ልጆቹ በአባታችን ኮራን። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ ሰኞ ገበያ ድረስ ሄደ፣ ያየም የሰማም «ወንድማማች እንዲህ ነው!» እያለ አመሰገናቸው፤ ከተመሰገኑ ወዲያ ደግሞ ቃልን ማጠፍ የባሰ ከበዳቸው።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ። ታንኩ ግቢያችን ውስጥ አጥሩን ተደግፎ ከረመ፤ ዶሮዎቹ ይሰፍሩበት፣ እኛም ፈረስ እያልን እንጋልበው ነበር። አንድ ቀን ከድጃ ሆዷን ታቅፋ መጣችና ከእማማ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ዓይኗ ታንኩ ላይ ነበር፤ የእማማም እዚያው ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን እኔ እንኳ በልጅ አእምሮዬ ገብቶኝ ነበር። ስለ ሽንኩርት መወደድ ሲያወሩ ውለው ተለያዩ። ማታ እማማ ደፍራ አባባን የልጆች አባት መሆኑን ብታስታውሰው፣ ወንድሜን ልታስገድይኝ ነው ብሎ አኮረፋት፤ እሷም ደግማ አላነሳችውም።

የሰፈራችን ሼህ ጠርተዋቸው ነበር። መሐላ ድሃ በማብላት ይፈታል፣ አንዳችሁ አስፈቱና ውሰዱት አሏቸው። ሁለቱም እሺ ብለው ወጡ። ግን ማስፈታት ማለት «እኔ ልትረፍ» ማለት ነበርና፣ ማንኛቸውም ቀድመው አላደረጉትም። ይሉኝታ!

ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ሳር ላይ ነጭ ሆኖ ባደረበት ጧት፣ ተከታትለው ወረዱ፤ አባባ ከፊት፣ አጎቴ ከኋላ። አባባ ኮምቦልቻ ደርሶ ሻይ አዝዞ ጠበቀው፣ ቀረ። የሆነውን በኋላ የነገረን የአጎቴ ረዳት ነው። ሐረጎ መሐል የንፋሱን መጠን የሚያሳየው መርፌ ወረደ፣ ከስር አንድ ነገር ጧ አለ፣ አጎቴ ፍሬኑን ደጋግሞ ቢረግጥ መሬት ነካ፣ ማርሹ አልገባ አለ። ረዳቱን ዝለል ብሎ ገፈተረው። አጎቴ ራሱ ግን አልዘለለም። መኪናውን ከነድንጋዩ ከገደሉ ስር አገኙት።

ለቅሶው ላይ አባባ እንባ አልወጣውም፤ ድንኳኑ ውስጥ አቀርቅሮ ተቀመጠ፣ የሚያጽናኑት ሰዎች አብሽር ሲሉት ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። መኪናውን ደግሜ አልነካም ብሎ ሰነበተ። ቤታችን ውስጥ የሚበላው ሲያልቅ ግን ከድጃ ራሷ መጣች፣ ጥቁር ለብሳ፣ አጥሩ ስር ወዳለው ታንክ ሄዳ እጇን አስቀመጠችበት።

«ያስገጥሙት» አለችው። «እርስዎም ከሄዱ ይህን ማን ያሳድግልኛል?» ሆዷን እያሳየችው ነበር።

አባባ ያን ጊዜ አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም። በማግሥቱ እማማ ድሆችን ጠርታ አበላች፣ መሐላው ተፈታ፣ ታንኩም ተገጠመ። ያ ታንክ አባባን ዓመታት ሙሉ ሐረጎን በሰላም አወረደው፣ እኛንም፣ ከአባቷ ሞት በኋላ የተወለደችውን የአጎቴን ልጅም አሳደገ። ደህና ዕቃ ነበር። እንዲያውም በጣም ደህና።

እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ የሚኖረው እኔ ጋ ነው። አርጅቷል፣ ብዙም አያወራም። እኛ ስናድግ ገበታ ላይ ቀድሞ እጁን የሰደደ ልጅ ይቆነጠጥ ነበር፤ ያማረውን ለሌላው ገፍቶ «ጠግቤያለሁ» ያለ ደግሞ ይመረቅ ነበር። የእኔዎቹ እንዲህ አልወጡም። ባለፈው ሁለቱ ወንዶች አንዲት የቀረች ሥጋ ላይ ተናንቀው ወጡን ሲደፉ አየሁና ደሜ ፈላ፤ አንዳችሁ እንኳ «አንተ ብላ» አትሉም፣ ማን አሳደጋችሁ ይባላል፣ ብዬ እጄን ሳነሳ አባባ ጥግ ካለው መደብ ላይ ቀና አለ።

«ተያቸው» አለኝ። «ይሻሙ።»