በገዛ እጄ የቀየርኩት ዘይት

የመኪናዬን ዘይት ራሴ መቀየር የጀመርኩት ወድጄ አልነበረም። ሐይቅ ከተማ የማምነው መካኒክ ጋራዡን ዘግቶ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ፤ ለአንድ ዘይት ብሎ ደሴ ድረስ መውጣት ደግሞ ሰለቸኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ሌላ ሰው የሚችለውን ነገር እኔ የሚያቅተኝ አይመስለኝም ነበር። በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ የመጀመሪያውን ፈራ ተባ እያልኩ፣ ሁለተኛውን እያፏጨሁ ቀየርኩ። በሦስተኛው ሰፈሩ «አንተማ መካኒክ ሆነህ ቀረህ» ይለኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ከሁሉ አብልጠው የሚያደንቁኝ ጎረቤቴ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከሐይቁ ዓሣ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። አሮጌውን ዘይት የሚወስዱት እሳቸው ነበሩ፤ ምስጥ እንዳይበላው የአጥራቸውን እንጨት ይቀቡበታል። «ወደ ሐይቁ ብቻ እንዳትደፋብኝ፤ እንጀራዬ እዚያ ነው» ይሉኝ ነበር።

አራተኛውን የቀየርኩት ዓርብ ቀን ነው። ክረምቱ መውጣቱ ነበር፤ ትምህርት ገና አልተጀመረም። የፊት ጎማዎቹን ሁለት ወፍራም ጣውላ ላይ አውጥቼ፣ ሞተሩን ትንሽ አሙቄ፣ ጆንያ አንጥፌ ከሥር ገባሁ። ዘይቱ ያለችግር ፈሰሰልኝ። ያስቸገረኝ ፊልትሮው፣ የዘይት ማጣሪያው ነው። በእጄ ብል፣ በጨርቅ ይዤ ብል አልላቀቅ አለ። በመጨረሻ ካቻቢቴ ጎኑ ላይ ሰክቼ እሱን እንደ እጀታ ይዤ አዞርኩት። ጥቁሩ ዘይት በክንዴ እየወረደ ብብቴ ድረስ ገባ።

ጋሼ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወሩልኛል። በወጣትነታቸው ታንኳቸው ተገልብጦ፣ ልብሳቸውን ውኃው ወስዶባቸው፣ ዕርቃናቸውን በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ሲወጡ መነኮሳቱን እንዴት እንዳስደነገጡ ነበር ወሬው። መኪና ሥር ተኝቼ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። በዚህ መሐል የጁምዓ አዛን ተሰማ።

«ተነስ እንጂ፣ ሶላቱ ሊያመልጥህ ነው» አሉኝ።

አዲሱን ፊልትሮ አፉን ዘይት ቀብቼ፣ እየተጣደፍኩ አጠበቅሁት። ፊልትሮ አፉ ላይ ክብ ጎማ አለው፤ መካኒኮች ጎሚኒ ይሉታል። የአሮጌው ጎሚኒ ከፊልትሮው ጋር አልወጣም ነበር፤ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ቀና ብዬ ባይ፣ በጣቴ አንድ ጊዜ ብዳስሰው አገኘው ነበር። አላየሁም። አዲሱን ከነጎሚኒው በላዩ አሰርኩበት። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያኔ ዘይት ሞልቼ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ከሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ጠብ የሚል የለም። ታጥቤ ወደ መስጊድ ሮጥኩ።

ሰኞ ጠዋት የጋሼ ባለቤት በሬን እየደበደቡ መጡ። እትዬ ነው የምላቸው። ነጠላቸው መሬት ይጎተታል።

«ልጄ፣ ድረስልኝ! ጋሼህ ሊሞትብኝ ነው!»

ጋሼ ሆዳቸውን ከታመሙ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር ለካ። ይሻለኛል እያሉ ደብቀውን ኖሯል። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። እዚያው ከተማው ውስጥ ያያቸው ሐኪም አንጀታቸው ሳይጠመዘዝ እንዳልቀረ ነገረን። ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል፣ ደሴ ቶሎ አድርሷቸው አለ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ወጥቶ ነበር። «መኪና አለኝ» አልኩ። እንዴት ባለ ኩራት እንዳልኩት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ከኋላ አስተኛናቸው፤ እትዬ የጋሼን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሜዳውን በደህና ሄድን። ዳገቱን ጀምሬ ነዳጅ ስረግጥ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ።

ያ መብራት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አቁም ማለት ነው። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ ጋሼ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ምንድን ነው? ለምን ቀዘቀዝክ?» አሉ እትዬ።

«ምንም የለም፣ እትዬ።»

«ንዳው እንግዲያ! በእስጢፋኖስ ንዳው!»

ነዳሁት። ምናልባት መብራቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድንም። ሞተሩ ውስጥ መዶሻ የገባ ይመስል ያንኳኳ ጀመር፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ጮኾ ቀጥ አለ። ወርጄ ሳይ ከኋላችን አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር እስከ መታጠፊያው ድረስ ተዘርግቷል። ሁለቱ ጎሚኒዎች ግፊቱን አልቻሉም፤ ዘይቱን በሙሉ መንገድ ላይ ተፍተውታል። ሞተሩ ነክሶ ነበር፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ፣ የማይነሳ።

መንገድ መሐል ቆሜ እጄን አውለበለብኩ። ሚኒባሶቹ ሞልተዋል። አንዱ ቆመልን፤ ሾፌሩ ጋሼን በመስኮት አይቶ «ይቅርታ ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ቢያርፉስ?» ብሎ ሄደ። አልፈረድኩበትም። እትዬ መጀመሪያ ይጸልዩ ነበር፤ ኋላ በነጠላቸው ጫፍ የጋሼን ፊት ያራግቡ ጀመር። ጋሼ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይናቸውን ገልጠው «ደረስን?» አሉኝ።

«ደርሰናል ጋሼ፣ አብሽሩ» አልኳቸው። ይኼ ለእሳቸው የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ሆነ። ውሸት ነበር።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመልን። ከሾፌሩ ጎን ደግፈን አስቀመጥናቸው፤ እኔ ከላይ ሽንኩርቱ ላይ ወጣሁ። ደሴ እንደደረስን ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧቸው። አንጀታቸው ጠቁሮ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፉ።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ጠየቅሁት። «አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመን ብንመጣ ይተርፉ ነበር?»

ሐኪሙ ጭንብሉን አወረደ። «ሁለት ቀን ቤት ቆይተዋል። ስለ አንዱ ሰዓት ተኩል አላውቅም። አውቃለሁ ብልህ ዋሸሁህ ማለት ነው።»

መኪናውን አስጎትቼ ደሴ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ አስገባሁት። ፊልትሮውን ፈትቶ ሁለቱን ጎሚኒ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አንዱ ሙሉ ነው፤ አንዱ ተቀዷል።

«ማን ነው የቀየረው?»

«እኔ ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እኛም ላይ ይደርሳል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ዝም በል» አለችኝ። «ለማን ይጠቅማል? ሰውየውን አይመልስም።» እውነቷን ነበር። ግን ለቅሶ በሄድኩ ቁጥር እትዬ ለመጣው ሰው ሁሉ እኔን እያሳዩ «ይኼ ልጅ እኮ ነው በመኪናው ያሯሯጠልኝ፤ ሽንኩርት ላይ ተቀምጦ ነው የሄደው» እያሉ ይመርቁኝ ነበር። ምርቃቱን አልቻልኩትም።

ከጋሼ አርባ በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ እትዬን ብቻቸውን አገኘኋቸው። የተበጠሰ የዓሣ መረብ ጠቅልለው ጆንያ ውስጥ እየከተቱ ነበር። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ ጎሚኒውን፣ ጥድፊያዬን፣ ቀዩን መብራት። እጃቸው መረቡ ላይ ቆመ።

«እሱ አጠገብህ ቁጭ ብሎ ነው የሠራኸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ጆንያውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ይቅር ይሉኛል ብዬም ሳልመኝ አልቀረሁም። ሁለቱም አልሆነም።

«ለምን ነገርከኝ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እስከ ዛሬ ቀኑ ደረሰ እያልኩ ነበር የማድረው። አሁን ምን ብዬ ልደር?»

ያን ቀን ለእሳቸው ብዬ የምነግራቸው መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳስበው እኔን የከበደኝን አንስቼ እሳቸው ላይ ነው የጫንኩት።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታ አልከለከሉኝም። «እንዴት አደርክ» ይሉኛል፤ «ልጄ» የምትለዋ ግን ቀረች። ጥቂት ወራት ቆይተው ቤቱን አከራዩና አምባሰል ወዳለው ወንድማቸው ሊሄዱ ተነሱ። ዕቃ ሲጫን እኔም ሄጄ አገዝኩ። አልጋውን፣ ሳጥኑን፣ የእህል ማስቀመጫውን ከሰዎች ጋር እየተቀባበልን የጭነት መኪናው ላይ አወጣን። ሁሉም ተሰናብቶ ሲያልቅ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

«አልረገምኩህም» አሉኝ። «ይኼን እወቅልኝ። ግን አንተን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ መንገድ ነው። እዚህ መኖር አልቻልኩም።»

ገብተው ተቀመጡ፤ ሾፌሩም በሩን ዘጋላቸው። መኪናው በወልዲያው መንገድ ወጥቶ እስኪሰወር ድረስ ወደ ኋላ አልዞሩም። እኔም እቤቴ ለመግባት ብዙ ቆየሁ።