ዛሬ ማንን ነው የምንይዘው?

ከጎማ ነፋስ ሲወጣ የሚሰማው ያ «ፍስስ» የሚል ድምፅ፣ የትም ሆኜ ብሰማው፣ ጅጋ የነበረው ቤታችን ውስጥ ይመልሰኛል። ገና በደንብ ሳይነጋ አባቴ ከአሮጌዋ ላንድሮቨራቸው ጎን ተንበርክከው የነፋስ መለኪያቸውን ጎማው ላይ ሲሰኩ ድምፁ በመስኮት ይገባና፣ እኔና ታናሽ እህቴ ብርድ ልብሱን እየተጓተትን እናዳምጥ ነበር። ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ ይከተላል። «ዛሬ ማንን ነው የምንይዘው?» ብለው እናቴን ይጠይቃሉ፤ ለሰውም፣ ለጤፍም፣ ለበርበሬም «ማንን» ነበር የሚሉት። መልሱን ሳይሰሙ ጎማ አይነፉም።

እናታችንን አንቺ፣ አባታችንን አንቱ ነበር የምንላቸው፤ አንቱታው ለመለኪያቸውም የተረፈ ይመስለኛል፣ ማንም አይነካትም ነበር። የጎማውን ክዳን ከፍተን ስንነካካ ከያዙን ደግሞ ወዮልን! አንዲት ትንፋሽ ባከነች ብለው ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ይውሉ ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አድርገው ሲነሱ፣ አባቴ «እግር ምን ያውቃል?» ይሉና ወደ መለኪያቸው ይመለሳሉ። የሚለኩትም ሁልጊዜ በማለዳ ነበር። «ጎማ ሳይሮጥ ጠይቂው፤ ከሮጠና ከሞቀው በኋላ ይዋሻል» ብለው የነገሩኝን አሁንም አልረሳሁትም።

በታኅሣሥና በጥር እህል ከአውድማ ሲገባ፣ ላንድሮቨሯ ወገቧ እስኪጎብጥ ትጫን ስለነበር፣ የኋላ ጎማዎቿን ጥጥር እስኪሉ ድረስ በእግር ፓምፕ ይነፏቸው ነበር። የቡሬ በርበሬ የሚጫን ቀን ግን ጆንያው እስከ ጣሪያ ተቆልሎ እንኳ ነፋሱን ቀነስ ያደርጉላታል፤ በርበሬ ቦታ ይይዛል እንጂ እንደ እህል አይከብድም። ያን ዕለት ማታ ከበር ሲገቡ ቤቱ በሙሉ ያስነጥሰው ነበር። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ሲበረታ ከመንገድ መጥተው መኪናዋን ዋርካው ጥላ ሥር ያቆሟትና፣ ጎማው እስኪበርድ አጠገቧ ይቀመጣሉ። እናቴ ጠላ በጣሳ ይዛ ትወጣለች፣ እሷም እዚያው ትቀመጣለች፣ ሁለቱም እየተሳሳቁ ሲያወሩ የጎማው መብረድ አለመብረድ ይረሳል። አባቴና እናቴ እንደዚያ ሲስቁ ለመስማት ዛሬ ምን ባልሰጥ!

ከክረምቶቹ ሁሉ የማልረሳው ታናሽ ወንድሜ የተወለደበትን ነው። እናቴ እሱን አርግዛ ወላጆቿ ዘንድ ገበዝ ማርያም ሄዳ ነበር፤ እኔና አባቴ ልንጠይቃት የሄድን ዕለት ምጥ ላይ ደረስን። ምጡ ጠንቶባት አደረ። ጠዋት አዋላጇ ከጓዳ ወጥታ፣ «ይኸ ከኔ በላይ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አድርሷት» አለች። ጎረቤቶች ወዲያው ቃሬዛ ማሰር ጀመሩ። አባቴ በመኪና እንውሰዳት ሲሉ፣ ቄስ የነበሩት አያቴ እጃቸውን ዘርግተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄን በዚያ ድንጋይ ላይ እያንገጫገጭህ ልትገድልብኝ ነው? የሰው ትከሻ ይሻላታል።»

በትከሻ ከሆነ ሳትደርስ እንደሚመሽባት ሁሉም ያውቃል። አባቴ ግን አልተከራከሩም። ወደ መኪናዋ ሄዱ፣ ጭቃው ላይ ተንበረከኩና የአራቱንም ጎማ ነፋስ ማፍሰስ ጀመሩ። ቃሬዛ የሚያስሩት ሰዎች ሥራቸውን ትተው እርስ በርስ ተያዩ። እኔም አባቴ በድንጋጤ አእምሯቸውን የሳቱ መስሎኝ እጃቸውን ያዝኩ።

«አባዬ፣ ምነው ያፈሱታል?»

ቀና ሳይሉ፣ «ዛሬ ማንን ነው የምንይዘው?» አሉኝ።

ከዚያ አያቴን ጠርተው «አባ፣ እስቲ ይንኩት» አሏቸው። አያቴ ጎንበስ ብለው ጎማውን በመዳፋቸው ተጫኑት፣ እንደገናም ተጫኑትና «ይሁን፤ እመቤቴ ትከተላችሁ» ብለው በሩን ለቀቁ። እናቴን ፍራሽ ላይ አስተኝተን፣ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁልቁለቱን ወረድን። ጎማው ድንጋዩን ዋጥ፣ ጭቃውን ቆንጠጥ እያደረገ፣ መኪናዋ ቀስ እያለች ስትሄድ፣ ብትቆም እንዲደርሱላት ብለው ጎረቤቶቻችን ባዶውን ቃሬዛ ተሸክመው እስከ ዋናው መንገድ ከኋላችን ሮጡ። እዚያ ደርሰን ጎማው መልሶ ሲነፋም ፓምፑን እየተቀባበሉ የረገጡት እነሱ ነበሩ። ወንድሜ የዚያን ዕለት ከሰዓት ተወለደ፤ እናቴም ተረፈችልን።

አሁን እኔ የምነዳት መኪና ነፋስ ሲጎድላት ራሷ መብራት ታበራለች፤ መለኪያም መንበርከክም አያስፈልጋትም። አባቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው ክረምት እናቴን ለፍልሰታ ወደ ገበዝ ማርያም ስወስዳት ያ መብራት በራ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ጎሚስታ ቤት ቆምኩ። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ የያዘው ወጣት በትሕትና «ስንት ላርግልዎት?» አለኝ። ቁጥሩን ነገርኩት፤ አራቱንም እኩል ሞላልኝ፣ መብራቱም ጠፋ።

ኮረኮንቹ ላይ ስንገባ እናቴ ከኋላ ወንበር ወገቧን ያዘች። ብዙ ከተጓዝን በኋላ፣ ወደ ውጭ እያየች፣ «አባትሽ ስንት ብለው አይጠይቁም ነበር» አለች።

መኪናዋን ዳር አስያዝኩና ወርጄ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ያኔ ለእሷ ሲባል ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ሁሉ ከኋላችን ይሮጥ ነበር፤ ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ነፋሱ «ፍስስ» ማለት ሲጀምር እናቴ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና ታዳምጥ ጀመር፤ አራተኛውን ጨርሼ እስክነሳ አልከፈተችውም።

«መጡ» አለች በቀስታ። ማን ብዬ አልጠየቅኋትም።