የታንከሩ ማማ

አባቴ አየር ጤና በብየዳ ሥራ ያረጀ ሰው ነው። ግቢያችን ውስጥ የውሃ ታንከሩን የተሸከመውን የብረት ማማ የሠራው ራሱ ነው፤ በየዓመቱም ቀለም ይቀባዋል። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ።

አንድ የበጋ ቅዳሜ ተከራያችን ከማማው ሥር ጥላው ውስጥ ልጇን በሳፋ ታጥብ ነበር። አጠገቧ ቆሜ ስናወራ ከአንዱ የማማው እግር ግርጌ ቡናማ ውሃ ሲሚንቶው ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ። ዝናብ ከጣለ ቆይቷል፤ ታንከሩም አያፈስም።

ወዲያው ገባኝ። እግሮቹ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ቱቦላሬ ናቸው፤ አናታቸው አልተደፈነም። ክረምት የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ውስጥ ተጠራቅሟል፣ አየሩም ከላይ ይገባለታል። ብረት ለመዛግ ከውሃና ከኦክስጅን ሌላ ምንም አይፈልግም። አሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ስስ ሽፋን የቀረውን ይጠብቃል፤ የብረት ዝገት ግን ያብጣል፣ ይረግፋል፣ በረገፈ ቁጥርም ያልተነካው ብረት ይጋለጣል።

«ልጅሽን ይዘሽ ከዚህ ውጪ» አልኳት። ፊቴን አይታ ሳፋውን ትታ ተነሳች።

አባቴ በረንዳ ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ታንከሩ አሁኑኑ ባዶ ይሁን። እግሩ ተበልቷል።»

«የቱ እግር? እኔ የቀባሁት?»

«ቀለሙ ከውጭ ነው፤ የተበላው ከውስጥ ነው።»

«አንቺ ብረት የምታውቂው ሰሌዳ ላይ ነው!» ብሎ መዶሻውን አነሳ። «ነይ፣ ላሳይሽ።»

«መጀመሪያ ውሃው ይፍሰስ» አልኩና ቧንቧውን ከፈትኩት። እናቴ «ስንት ቀን የጠበቅነውን ውሃ!» እያለች ባልዲ መደርደር ጀመረች። አልተመለስኩም። ልክ እንደሆንኩ አውቅ ነበር።

ታንከሩ ባዶ ሲሆን አባቴ እግሩን መታው። መዶሻው ሰርጎ ገባ። ቀይ ውሃና የዝገት ቅርፊት ተዘረገፈ። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ። የተከራያችን ሳፋ እዚያው ሥር ነበር፤ እሱንም አየው።

«አናቱን መድፈን ነበረብኝ» አለ በመጨረሻ። «ቸኩዬ ነው።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «እንዲህ አድርጌ ማማ የሠራሁላቸው ሌሎች ሁለት ቤቶች አሉ።»

በማግስቱ አብረን ወጣን። እኔ ስለ እሱ አፍሬ ነበር፤ እሱ ግን አላፈረም። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ አንዲት አሮጊት በር ከፈቱልን።

«እማማ፣ የሠራሁልዎት ማማ ላይ ስህተት አለ። ስህተቱ የኔ ነው፤ ላስተካክልልዎት መጣሁ።»

«ምነው፣ ደህና ቆሟል እኮ! ማን ነገረህ?»

«ልጄ» አለ። «እሷ ታውቃለች።»

የእሳቸው ገና ደህና ነበር፤ አናቱን ደፈነው፣ ግርጌው ላይም የውሃ መውጫ በሳለት። ሁለተኛው ቤት ያለው ግን እንደኛው አልቆ ነበር። ቆርጦ አወረደውና በአዲስ ብረት ሠራው። አናቶቹን በይዶ ሲጨርስ ከመሰላሉ ወርዶ እንድፈትሽለት ጠራኝ፤ ወጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው።