ሦስት ሳምንት ያዳመጥኩት ድምፅ

መሪ እስከ ጥግ ጠምዝዛችሁ ስትታጠፉ፣ ከፊት ጎማ በኩል «ቋ፣ ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ጠዋት ዋይሊ ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ልጅ ያወረደ አንድ መኪና እንደዚያ እያለ ዞረ። ወዲያው የግራሶ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ከእናቴ ጋር ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የአፓርታማ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ፤ የአስተማሪ አመል ነው። የፊት ጎማን የሚያሽከረክር ዘንግ አለ፤ አክስል ይባላል። ጎማው ግራና ቀኝ እንዲታጠፍ ጫፉ ላይ መገጣጠሚያ አለው። መገጣጠሚያው ግራሶ ተሞልቶ፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የላስቲክ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ ከተቀደደ ግራሶው ይረጫል፣ አሸዋ ይገባል፣ ብረት ብረትን ይበላል።

የእናቴ መኪና ሽፋን ተቀደደ። የግቢው ሰው ሁሉ መኪናውን የሚያሳያቸው ጎረቤታችን፣ የታክሲ ሾፌሩ፣ ጎንበስ ብለው አዩና በጥቁር ቴፕ ጠቀለሉት።

«ኦኬ፣ አለቀ! ገና መቶ ሺህ ማይል ትነዳለች።»

«ጋሼ፣ ቴፕ ግራሶ ይይዛል እንዴ?» አልኳቸው።

ወደ ተሰበሰቡት ወንዶች ዞሩ። «ኮሌጅ ገባች ስንል መካኒክ ሆና መጣችላችሁ!» ሳቁብኝ።

እናቴ ለነርስ ረዳትነት ፈተና ስትዘጋጅ ከርማ ነበር። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ክንዴን ትጠይቀኝና የደም ግፊት መለካት ትለማመድ ነበር። የፈተናው ዕለት ጠዋት፣ ከግቢው ወጥታ ስትታጠፍ መገጣጠሚያው ተሰበረ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። ፈተናው አመለጣት።

ያ ብቻ ቢሆን ይቅር እል ነበር። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጎረቤታችን «መኪናዋስ ደህና ነበረች። ማለቴ፣ ሴትዮዋ ፈተናውን ፈርታ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እናቴም ሰማች። የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ አየኋት።

አክስሉን ራሴ ቀየርኩት። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የጎማውን የመሃል ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እንዳለ ማላላት፣ በክሪክ ማንሳት፣ በማቆሚያ መደገፍ፣ ጎማ ማውለቅ፤ ሁሉንም በተራ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። ቂሜ ግን በደብተር የሚጻፍ አልነበረም።

አስፋልቱ በሙቀት በሚለሰልስበት ወራት፣ የጎረቤታችን ታክሲ ግቢው መግቢያ ላይ ሲታጠፍ ሰማሁት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። መስኮቴ ላይ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ድምፁ ሲብስበት ሦስት ሳምንት ሙሉ አዳመጥኩ፤ እንደ ዘፈን ይጥመኝ ነበር። ሰው እያያቸው፣ ሞተራቸው እየጮኸ መሃል መንገድ ላይ ሲገተሩ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ አንድ እሁድ፣ ጎረቤታችን በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሷቸው ሁለት አሮጊቶች ታክሲው ኋላ ተቀምጠው አየሁ። የእኛን መኪና እኔ ለሥራ ስለምፈልገው እናቴም ከፊት ገብታ ቀበቶ ታስራለች።

በነጠላ ጫማ ሮጬ ወረድኩ። «ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት!»

እጄን ከጎማው ጀርባ ሰድጄ በግራሶ ጠቁሮ ሲወጣ፣ ለቆመው ሁሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁ። «ይኸው! የእናቴ ፍርሃት ይሄን ነበር የሚመስለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሰማው ነበር!»

ማንም አልሳቀም። ጎረቤታችን መሪውን እንደያዙ አቀረቀሩ። የተመኘሁት ፊት ነበር። ጣፈጠኝ፤ አልዋሽም።

እናቴ ወረደች። ሶፍት አውጥታ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየጠረገች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እሱ የእኔን መኪና ያበላሸው ሳያውቅ ነው» አለች። «አንቺ ግን እያወቅሽ እነዚህን እናቶች ሦስት እሁድ በዚህ መኪና ሸኘሻቸው።»

በሳምንቱ የታክሲውንም አክስል ቀየርኩ። ጎረቤታችን ባትሪ ይዘው እያበሩልኝ፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት «የእናትሽም መኪና እንዲሁ ነበር የሆነችው። ቴፑ የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። እናቴ ፈተናውን ዳግመኛ ተመዝግባ አለፈች። ክንዴን ለመለማመጃ ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

እስቲ ሞክሩት። ባዶ ፓርኪንግ ፈልጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ በቀስታ ንዱና አዳምጡ። ድምፁ የሚመጣው ከምትጠሉት ጎረቤት መኪና ከሆነም፣ በዚያው ቀን ንገሩት። ቂሙን በኋላም ትደርሱበታላችሁ።