እጅ የማይከብድ ሞተር

መካኒኩን ሰፈርተኛው «ቱንቢ» ይለዋል። ክር አንጠልጥሎ ሳይለካ ቀጥ ያለ ነገር አለ ብሎ አያምንም። ታናሽ እህቱን ሲድር ሙሽራውን በቱንቢ ለክቶታል እየተባለ ይቀለድበታል።

ይህችው እህቱ፣ ከቤት ቤት እየዞረች የምታክም ነርስ፣ አንድ ጠዋት ባገለገለ ሞተር ጋራዡ ደረሰች። ሻጩ ለአንድ ቀን ሞክሪው ብሎ ሰጥቷታል፤ ከወደደችው ነገ ትዋዋላለች።

«ጋሼ፣ በሁለት ጣት ይዞራል! የድሮው ትከሻዬን ሲገነጥለው ነበር።»

መሪውን ግራና ቀኝ አዞረው። ፊቱ ጠቆረ።

«በጣም ቀለለ።»

«ቀለለ ብሎ የሚያኮርፍ ሰው ዛሬ ገና አየሁ!»

አላስቻለውም። ወጣት ሳለ ቀጥሮት የነበረ የሞተር ነጋዴ፣ ገዢ ሞተር የሚሞክረው ጠባብ ግቢ ውስጥ እየዞረ መሆኑን ያውቅ ነበር። የፊት ጎማውን የያዙትን ሁለት የሞተሩን እግሮች ከማቀፊያቸው አላልቶ ሁለት ጣት ወደ ላይ እንዲገፋቸው ያዝዘው ነበር። አፍንጫው ዝቅ፣ መሪው የሚዞርበት አንገት ዘንበል ማለቱ ቀነስ ሲል ሞተሩ እንደ ብስክሌት ይታጠፋል። አውራ መንገድ ላይ ሲፈጥን ግን መሪው ይርገበገባል። እሱ በገዛ እጁ የሠራውን ሌላው የማይሠራበት ምክንያት አይታየውም።

ጎንበስ ብሎ ማቀፊያውን አየ። እግሮቹ በቦታቸው ናቸው። ቅለቱ ከዚያ ካልመጣ ከየት መጣ? ይህ ይበልጥ አስጠረጠረው።

ከአንገቱ ዘንበል ጋር አስተካክሎ ቀጥ ያለ ዘንግ ወደ መሬት ዘረጋ፤ ከፊተኛው ጎማ እምብርት ቱንቢ ጣለ። ዘንጉና ቱንቢው መሬት ላይ በተራራቁ ቁጥር መሪው ይከብዳል፤ ግን ሞተሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም ያው ርቀት ነው። አምስት ጣት ግድም መሆን ነበረበት። ሁለት ሆነ።

«ተጋጭቷል። አንገቱ ወደ ኋላ ገብቷል፤ በላዩ ቀለም ለቅልቀውታል።»

«ባለፈው ቀዩንም እንዲህ ብለህ አስመለስከኝ። አንተ በእግሬ እንድኳትን ነው የምትፈልገው። ‹ጠርጥር› የተባለው እኮ ላንተ ነው!»

ቱንቢውን አስጨበጣት። «እኔን አትመኚ። ራስሽ ለኪ።»

«እሺ፣ አንተ ግን ራቅ በል!»

ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሁለት ጣት ሆነ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሻጩ ጋ ደወለች።

«ተጋጭቶ ያውቃል እንዴ?»

«ኧረ እህቴ፣ ማን ነክቶት!»

«እንግዲያው ነገ ከኋላህ ልፈናጠጥ፤ አውራ መንገድ ላይ በሰማንያ ንዳልኝ።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገ... ነገ እንኳ አይመቸኝም።»

ስልኩን ዘግታ ቁልፉን ለወንድሟ ወረወረችለት። «አንተው መልስልኝ። እኔ ዳግመኛ አልወጣበትም።»

«እኔስ?» አለ። «እየገፋሁ ነው የምወስደው።»