እትዬ ወንፊትና የባቄላው ሥር

የሰብል መርማሪዋን ገበሬዎቹ «እትዬ ወንፊት» ይሏታል፤ ከእሷ ዓይን ምን ያመልጣል! ሃያ ዓመት ሙሉ የባቄላ ሥር ጠቁሮ በበሰበሰ ቁጥር ለእሷ ጥፋተኛው አንድ ነበር፦ ዘሩ። ዘንድሮ ግን ዘር ሻጩ ቱግ አለ። «እስቲ ዘሬን መርምረው ይፍረዱ!»

እልህ ያዛት። ሁለት መቶ ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ አበቀለች፤ አንድም የታመመ አጣች። ከዚያው ጆንያ ዘግና፣ ግማሹን ሥር የሚያበሰብስ ሻጋታ ካለበት እንዲሞት እሳት ላይ ባመሰችው አፈር፣ ግማሹን ከታመመ ማሳ በመጣ አፈር ዘራች። የመጀመሪያው ለመለመ፤ የሁለተኛው ሥር ጠቆረ።

«ዘሩ ንጹሕ ነው፤ ሻጋታው ያለው አፈሩ ውስጥ ነው» አለቻት የታመመው ማሳ ባለቤት ለሆነችው ገበሬ።

«ታዲያ ቀድሞ ከታመመው ከጎረቤቴ ማሳ ወደ እኔ በምን መጣ? አፈር እግር አለው እንዴ፣ እትዬ?»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። በየክረምቱ በአንድ ቀን ሦስት ማሳ ታዳርሳለች። ጭቃ የጠገበ ቦት ጫማዋን የምታጥበው ግን ማታ ቤቷ ስትደርስ ነው፤ ምንጣፏ እንዳይቆሽሽባት።

የምርመራ ቅጿን ሳበች። «በሽታውን ያመጣው» ከሚለው ትይዩ፣ ሃያ ዓመት «ዘር» እያለች በሞላችው ቦታ፣ «የመርማሪዋ ጫማ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።