ክሩ ያልነገረው ዳገት

የጉዞ መስመር አውጪውን ባልደረቦቹ «ደቂቃ» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ወዶ ተቀብሏል። ለሁለት ቀን ከተማ አይቶ ሊመለስ የፈለገ ሰው ከእጁ አንድ ወረቀት ይቀበላል። ቤተ መዘክር ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ የመጽሐፍ ጠራዦች ሰፈር አራት ሰዓት ከአምስት፣ ፎቶ ለመነሳት ስድስት ደቂቃ። ሽንት ቤት እንኳ ሳይቀር ሰዓት ተቆርጦለታል።

ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ከሚስቱ የስፌት ሣጥን የወሰደውን ቀይ ክር መንገዱ ላይ ያስተኛል፣ ክሩን በማስመሪያ ይለካል። ከዚያ ያንኑ ርቀት በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር እየተመላለሰ ሰዓት ይይዛል። የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ታቅፋ ግድግዳ ተጠግታ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች። ምን ታድርግ፣ ለምዳዋለች።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከተማ በእጁ የሚያልፍ ሰው አንዱንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። መኪና ሲሳፈር ያቅለሸልሸዋል። ይህስ ባልከፋ፤ የከፋው ሚስቱን ሲያጭ የተናገረው ነው። ባለ ማማዋን አሮጌ ከተማ እንደ መዳፌ አውቃታለሁ ብሏት ነበር። ማማው ላይ ስለሚነፍሰው ነፋስ፣ ከዚያ ስለሚታየው ቀይ ጣሪያ ሁሉ አወራላት። አገባችው። ውሸቱም አብሯቸው ሃያ ዓመት ኖረ።

አንድ ቀን ሚስቱ ልብስ እያጠፈች፣ «ሃያኛ ዓመታችንን እዚያች ከተማ እናክብር። አንተ ታሳየኛለህ» አለችው።

ክው አለ። ዛሬ ገና ሊጋለጥ ነው፤ በሃያ ዓመቱ ውሸታም ሊባል። ሥራ በዝቶብኛል አለ፤ አለቃው ፈቃድ ሰጠው። ወገቤን አለ፤ ቅባት ገዛችለት።

ከአውቶቡስ ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። ቢሆንም ወረቀቱን በቃሉ ይዞታልና እፊት እፊት መራት። የጠራዦቹን ሰፈር ያለበት ቦታ ላይ ሲያገኘው ራሱም ተገረመ፤ መገረሙን በሳል ሸፈነው። «ከዚህ ማማው አራት ደቂቃ ነው» ብሎ በኩራት ታጠፈ።

ፊት ለፊቱ ደረጃ ነበር። ሽቅብ ይሄድና ይጠማዘዛል፣ እንደገና ሽቅብ ይሄዳል፣ መጨረሻው አይታይም። ካርታው ላይ አንድ ጣት የማይሞላ ክር ነበር። ዳገት መኖሩን ክሩ አልነገረውም።

ከደረጃው ሥር አንዲት ሻይ ቤት አለች፤ ጥላው ውስጥ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ባለቤቲቱ አሮጊት ሁለት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዘው ብቅ አሉ። ገና ማንም አላዘዘም።

«የወረቀቱ ሰዎች ናችሁ አይደል? ተቀመጡ ልጆቼ። በወረቀቱ የሚመጣ ሁሉ ልክ በዚህ ሰዓት እዚህ ደርሶ ነው የሚዘረረው። እኔም አግዳሚ አስጨመርኩ። የጻፈውን ሰው እግዜር ይስጠው።»

«ማማው ላይስ?» አለ ደቂቃ ድምፁ ሰልሎ።

«ከወረቀቱ ሰዎች? እስካሁን አንድም አልወጣም።»

መንገደኞቹ ሲመለሱ ግን አንድ ሳይቀሩ «ማማው ግሩም ነው» ይሉት ነበር። ደቂቃ አግዳሚው ላይ ዘጭ አለ።

«ስሚኝማ» አለ ሚስቱን፣ «እኔ እዚህ ከተማ...»

«ተወው። በሠርጋችን ሰሞን ነው ያወቅሁት» አለች ሻይዋን እያማሰለች። «ነፋሱን አወራህልኝ፣ ጣሪያውን አወራህልኝ፤ አንድም ቀን እግሬን አላልክም። አክስቴ እዚህ ወጥታ እግሯን አሟት ሳምንት ተኝታለች።»

«እያወቅሽ ለምን አገባሽኝ?»

«ወሬህ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ይወስደኛል ብዬም ነበር። ሃያ ዓመት ጠበቅሁህ።»

ከውሸቱ ይልቅ ይህ አሳፈረው። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ፣ ወረቀቱን ለአሮጊቷ ሰጠና የሚስቱን እጅ ይዞ መውጣት ጀመረ። አምስት ጊዜ አረፉ። ሁለቴ እሷ ጎተተችው። ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው ዛሬም አያውቅም።

ማማው ላይ ነፋስ የሚባል የለም። ጣሪያው ሁሉ ግራጫ ነው።

«ቀይ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችው።

ደቂቃ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እግሬን» አለ።

ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።